ሳታነቢ አትፈርሚ

የሴቶች ዓምድ



ፊደል ቆጥራችኋል። ስማችሁን መጻፍም ችላችኋል። ዛሬ የምንነጋገረው ስም ስለሚጻፍበት ወረቀት ነው።

በአዲስ አበባ፣ መርካቶ ውስጥ አንዋር መስጊድ አለ። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጋር ጎረቤታሞች ናቸው። ዙሪያው ሁሉ ገበያ ነው። በዚህ ሰፈር እጣን፣ ቡና፣ ቅመምና ልብስ የሚሸጡ ብዙ ሙስሊም ሴቶች አሉ። ስንት ገዝተው ስንት እንዳተረፉ በቃላቸው ያውቁታል። በሒሳብ ማንም አያታልላቸውም። ወረቀት ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ማንበብ የማትችለዋን ሴት «እዚህ ጋ ጣትሽን አድርጊ» ይሏታል። እሷም ጣቷን ቀለም ነክራ ታትማለች። ምን ላይ እንዳተመች የሚያውቀው ወረቀቱን ያመጣው ሰው ነው። በገጠርም እንደዚሁ ነው።

ወረቀቱ ምንድን ነው? ምናልባት የኒካህ ውል ነው። መህር የሙሽራይቱ የራሷ ገንዘብ ነው። የአባቷ አይደለም፤ የወንድሟም አይደለም። ታዲያ በውሉ ላይ ስንት ተብሎ ተጻፈ? ዕድሜዋስ በትክክል ተጽፏል? ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት ይላል። ይህን አንብባ የምታረጋግጥ እሷ ካልሆነች ማን ይሆንላታል?

ምናልባት ደግሞ ወረቀቱ ከፍርድ ቤት የመጣ ነው። ይህን ጉዳይ በደንብ እንየው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 አንድ ነገር ይፈቅዳል። የጋብቻና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ ይችላል ይላል። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ተከራካሪዎቹ መፍቀድ አለባቸው። ስለዚህ አንዲት ሙስሊም ሴት ብትፈልግ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ትሄዳለች። ብትፈልግ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ትሄዳለች። ሁለቱም መንገድ የተከበረ ነው። ምርጫው የእሷ ነው።

በ1992 ዓ.ም. ስለ ፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188 ወጣ። አዋጁ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ፍቺ፣ ስለ ቀለብ፣ ስለ ውርስና ስለ ስጦታ ክርክሮች ነው። ፈቃድ ከሌለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይተላለፍ ሲል ደነገገ። ሁለት ሌሎች ነገሮችንም ደነገገ። አንደኛው፣ አንዴ ከተስማማሽ በኋላ ጉዳዩን ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ማዛወር አትችይም። ሁለተኛው፣ መጥሪያ በደንብ ደርሶሽ ካልቀረብሽ፣ እንደተስማማሽ ይቆጠራል።

መጥሪያ ማለት «በዚህ ቀን ቅረቢ» የሚል የፍርድ ቤት ወረቀት ነው። ማንበብ የማትችል ሴት ይህ ወረቀት ቢደርሳት ምን ታደርገዋለች? አጣጥፋ ከትራስ ሥር ታስቀምጠዋለች። ቀኑ ያልፋል። ዝም ማለቷ እሺ እንደማለት ይሆናል። ቤቷና የልጆቿ ነገር እሷ በሌለችበት ይወሰናል።

የነቃች ሴት ደግሞ ምን ታደርጋለች? በአዲስ አበባ አንዲት ሙስሊም ሴት በውርስ ጉዳይ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ተጠሩ። ቀርበው «እዚህ ለመዳኘት ፈቃደኛ አይደለሁም» አሉ። ፍርድ ቤቱ ግን ጉዳዩን አይቶ ፈረደ። ሴትዮዋ ዝም አላሉም። አቤቱታቸው እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። በ1996 ዓ.ም. ምክር ቤቱ «ያለ ፈቃድ የተሰጠ ፍርድ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል» በማለት ውሳኔውን ሻረው። የአንዲት ሴት «አልፈቀድኩም» የሚል ቃል ይህን ያህል ክብደት አለው። ቃሉ የሚመዝነው ግን መብቱን አውቆ በጊዜው ለሚናገረው ሰው ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ሴት ልጅ ከተማረች ዲኗን ትተዋለች» ይላሉ። ይህ ከየት መጣ? ቁርአን ሲወርድ የመጀመሪያው ትእዛዝ «አንብብ» የሚል ነው። ከቁርአን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ በሱረቱል በቀራ ያለው ነው። እሱም ብድር በጽሑፍ ይሁን፣ ምስክርም ይኑረው ይላል። የነቢዩ ሙሐመድ ባለቤት ኸዲጃ ነጋዴ ነበሩ። ሌላዋ ባለቤታቸው አኢሻ ብዙ ሐዲስ አስተላልፈዋል፤ ወንዶችም ከእሳቸው ተምረዋል። ሐፍሷ ደግሞ መጻፍ የተማሩት ሺፋእ ከተባሉ ሴት ነው። በኋላም የተሰበሰበው የቁርአን ጽሑፍ በሐፍሷ እጅ ተቀምጦ ነበር። እንግዲህ ሴትን ከፊደል የለየው ዲን አይደለም። ልማድ ነው።

ልማዱ ሙስሊም ክርስቲያን አይልም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት በየቤታችን ሰምተነዋል። በዚህ ተረት ምክንያት ስንት ልጃገረድ ከትምህርት ቤት ወጥታ ውኃ ስትቀዳ፣ ከብት ስትጠብቅ ቀረች! ዛሬ ከትምህርት የቀረችው ልጅ ነገ በማታውቀው ወረቀት ላይ ጣቷን የምታትመው ሴት ናት። ተረቱ ይቅር፤ ልጅቱ ትማር።

ወንድሞቻችንም ይህን አስቡ። ባል ገበያ ወይም ሩቅ አገር ሲሄድ መጥሪያውን የምትቀበለው ሚስት ናት። ዕዳውን፣ ግብሩንና የመሬቱን ደብተር የምታስቀምጠው እሷ ናት። ማንበብ ከቻለች የሚጠበቀው የቤቱ ሀብት ሁሉ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ አራት ነገሮችን እናድርግ።

1. ሳናነብ አንፈርም።
2. ያልገባንን ቃል ሳናፍር እንጠይቅ።
3. የፈረምንበትን ወረቀት ቅጂ እንያዝ።
4. መጥሪያ ሲመጣ ቀኑን በዚያው ቀን እናንብብ።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ተብሎ ነበር። አንቺም ይህን ጽሑፍ ካነበብሽ ተምረሻል። ስለዚህ ለጎረቤትሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላት።

ለውይይት

ሀ. በቤታችሁ ሳታነቡ የፈረማችሁበት ወረቀት አለ? አውጥታችሁ አብራችሁ አንብቡት።
ለ. መጥሪያ የደረሳት ሴት ዝም ብትል ምን ይደርስባታል?
ሐ. ይህን ዐረፍተ ነገር በደብተራችሁ አምስት ጊዜ ጻፉ፦ «አንብቤ፣ ተረድቼ ፈረምኩ።»