መሬቱ የራሴ ነው ስትሉ ኪራዩን አስባችኋል?

የሽንኩርት ነቀላ እያለቀ ስለሆነ ዛሬ ስለ በሽታና ስለ ኬሚካል አይደለም የምጽፈው፣ ስለ ሂሳብ ነው።

በቀደም መቂ አካባቢ ግማሽ ሄክታር በመስኖ ሽንኩርት ካለሙ አንድ አባወራ ጋር ቁጭ ብለን ወጪያቸውን ደመርን። (ለማስላት እንዲቀል ቁጥሩን አጠጋግቼዋለሁ።) ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ኬሚካል፣ የሞተር ነዳጅ፣ የተከላና የነቀላ ቀን ሠራተኛ፣ በድምሩ 150 ሺህ ብር። ሽያጩ 230 ሺህ። "80 ሺህ አተረፍኩ" አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው።

"ጋሼ፣ መሬቱንስ ቆጠሩት?" አልኳቸው።

"መሬቱማ የራሴ ነው፣ ምን ወጪ አለው?"

አለው እንጂ! ያንኑ መሬት ለአንድ ወቅት በኮንትራት ልያዝ ያለ ሰው 30 ሺህ ብር ልስጥዎት ብሏቸው ነበር። እምቢ ሲሉ ያ 30 ሺህ ቀረባቸው። ከኪስ ስላልወጣ አይታይም እንጂ ወጪ ነው። ደግሞ የፈረስ ጋሪ አላቸው፤ ከመኖ የተረፈ በቀን 300 ብር ታስገባ ነበር። ሽንኩርቱን ሲያጠጡና ሲጠብቁ ጋሪዋ 100 ቀን ያህል ቆመች። ይሄም 30 ሺህ ነው። እንግዲህ 80 ሺው 20 ሺህ ሆነ። እሱም ቢሆን ገበያው ትንሽ ወረድ ቢል ኖሮ አይኖርም። የኪራዩ ብር ግን ቀድሞ እጃቸው ይገባ ነበር።

ልጃቸው 8ኛ ክፍል ነው። ውሃ ተራ በደረሰ ቁጥር ከትምህርት ይቀራል፣ ሚኒስትሪ ደግሞ እየደረሰበት ነው። ይሄንን ስንት ብር ብለን እንጻፈው? እኔ ቁጥር አላገኘሁለትም፣ እሳቸውም ዝም አሉ።

አከራዩ እያልኩ አይደለም። ማከራየትም የሚያስቀረው ነገር አለ። ኮንትራት የያዘ ሰው ለከርሞ አፈር ብዙም አይጨነቅም፤ ቲማቲም በቲማቲም ላይ እየተከለ በሽታውን ለእናንተ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። እሱም ይቆጠር።

ሌላው የምንሳሳትበት ጊዜ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ከጀመረበት ከ1946 ዓ.ም ጀምሮ አካባቢው ሸንኮራ ያውቃል። ሸንኮራ ግን መሬቱን ከአንድ ዓመት በላይ ይይዛል። የሸንኮራን ክፍያ ከአንድ ዙር ሽንኩርት ጋር ማወዳደር ልክ አይደለም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ውሃ ያለው ሰው ሁለትና ከዚያ በላይ ዙር ያመርታል። በሌላ በኩል ሸንኮራ ደላላ ፍለጋ አያስሮጥም። ሁለቱንም በእኩል ወራት አስሉት።

ዘር ስትመርጡም እንደዚሁ ነው። መልካሳ ምርምር ካወጣቸው ዝርያዎች ቦምቤይ ሬድ ከአዳማ ሬድ ቀድሞ ይደርሳል። ቀድሞ የተለቀቀው መሬት ላይ የምትዘሩት ካላችሁ ያ ጊዜ ገንዘብ ነው። ከሌላችሁ ግን መቅደሙ ብቻውን ብዙ አይጠቅማችሁም፣ በምርቱና በገበያው ምረጡ።

ለሚቀጥለው ዙር ችግኝ ከማፍላታችሁ በፊት የሰፈራችሁ የኮንትራት ዋጋ ስንት እንደገባ ጠይቁና ደብተር ላይ ከማዳበሪያው ቀጥላችሁ ጻፉት።

እኚያ አባወራ ግማሹን ሊያከራዩ፣ ግማሹን ቦሎቄ ሊዘሩበት አስበዋል። እንደ ሽንኩርት ቶሎ ቶሎ ውሃ አይልም። ጋሪዋ ሥራ ጀምራለች፣ ልጁም ከሰኞ ጀምሮ ክፍል ገብቷል።