ሙዝ ከአርባ ምንጭ እስከ ማዕድ

ሙዝ በማዕድ ላይ ሲቀርብ ልጁም ሽማግሌውም ደስ ብሎት ይበላዋል፤ በስንት እጅ አልፎ እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ የሚበላው ሙዝ ብዙው የሚመጣው ከጋሞ ቆላ፥ ከአርባ ምንጭ አካባቢ ነው፤ መንገዱም 500 ኪሎሜትር ያህል ይሆናል።

ገበሬው ዘለላውን የሚቆርጠው አረንጓዴ ሳለ ነው፤ ቢጫ እስኪሆን ቢቆይ መንገዱን አይችለውምና። ነጋዴው በሚዛን ይገዛዋል፤ በካሚዮን ላይም የሙዝ ቅጠል እየተነጠፈ ተደራርቦ ይጫናል። አዲስ አበባ ሲደርስ በተዘጋ ክፍል ይከተታል፤ በብዙ ስፍራም የላምባ ምድጃ እየተለኮሰበት በጥቂት ቀን ይበስላል። በላምባው ጢስ ውስጥ ፍሬን የሚያበስል ኤቲሊን የሚባል አየር እንዳለ፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በምርመራ ታወቀ። ፍሬው ራሱ ይህን አየር እንደሚያወጣ ደግሞ በ1934 ዓ.ም. ሪቻርድ ጌን የሚባል ሊቅ በእንግሊዝ አገር አስረዳ።

ነገር ግን ጥሬው ሙዝ ሲወድቅ ወይም በሸክም ሲታሽ ቁስሉ ብዙ አይታይም፤ ጠቁሮ የሚገለጠው ሲበስል ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፥ በተሰነጠቀው ልጣጭ ሻጋታ ይገባበታል። ስለዚህ ጥፋቱ የተሠራው በመንገድ ሲሆን፥ ወቀሳው በመጨረሻዋ ቸርቻሪ ላይ ይወድቃል። ጉዳቱ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ከገበሬው ቤት ይደርሳል፤ ነጋዴው የሚበላሽበትን አስቀድሞ እያሰበ የመግዣውን ዋጋ ዝቅ ያደርጋልና። እንዲህ ሆኖ ዓመት ያህል የተደከመበት ተክል ለገበሬው ልጆች ልብስና ደብተር ሳይበቃ ይቀራል።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ሥልጣንና ገንዘብ ያላችሁ፥ ሙዙ በክምር መጫኑ ቀርቶ በሣጥን እንዲጫን ብታግዙ፥ ገበሬውም ከተማውም ይጠቀማል። የቤት እመቤትም በገበያ ሙዙን በአውራ ጣት እየጫነች አትፈትን፤ ያልገዛችውን ለሌላው አበላሽታ ትሄዳለችና። ሁሉም በአንድ ቀን እንዳይበስልባት ግማሹን ቢጫ፥ ግማሹን አረንጓዴነት ያለበትን ትግዛ። ጥሬውን በበረዶ ሣጥን አታኑረው፤ ከ13 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ይጎዳዋል። ቶሎ እንዲበስል ብትፈልግ ከበሰለው ጋር በወረቀት ከረጢት ጠቅልላ ታስቀምጠው። ልጣጩ ነጠብጣብ ቢያወጣም ሥጋው ነጭ ከሆነ መልካም ነው፤ አይጣል።

ልጆቻችንም ሙዙን ሲልጡ ይህን ሁሉ ይወቁ፤ የሰው ድካም የሚከበር የደከመውን ሰው በማወቅ ነውና።