እውነተኛ ሒሳብ የሌለው ለመንግሥት ጨረታ አይቅረብ

አንድ ነጋዴ ለግብር ሰብሳቢው ኪሣራ የሚናገር፣ ለባንክ ደግሞ ትርፍ የሚመሰክር ሁለት መዝገብ ቢይዝ፣ ከሁለቱ አንዱ ሐሰት መሆኑ ግልጽ ነው። ይህ ሰው የንግድ ፈቃዱንና የግብር ክሊራንሱን ይዞ በጨረታ ሲቀርብ ግን ከእውነተኛው ነጋዴ ጋር እኩል ይሰለፋል። እንዲያውም ከግብር ያሸሸው ገንዘብ ዋጋ ለመቀነስ ስለሚረዳው፣ ግብሩን በሙሉ የከፈለው ነጋዴ በገዛ እውነቱ ይሸነፋል።

ነገሩ በአገራችን ብቻ የሚታይ አይደለም። ዎርልድኮም የተባለው ታላቅ የአሜሪካ የቴሌፎን ኩባንያ ለሌሎች ድርጅቶች መስመር የሚከፍለውን የዘወትር ወጪ እንደ ቋሚ ንብረት እየመዘገበ ኪሣራውን ትርፍ ማስመሰሉ እ.ኤ.አ. በጁን 2002 ተገለጠ። ሐሰቱን የደረሱበት የኩባንያው የራሱ ሒሳብ መርማሪዎች ሲሆኑ፣ ኋላ ተጣርቶ ሲደመር 11 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሆነ። ይሁን እንጂ የአሜሪካ መንግሥት ኩባንያውን ከአዲስ ኮንትራት ያገደው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በጁላይ 2003 ነበር። ኩባንያው ሹማምንቱን ለውጦ የውስጥ ቁጥጥሩን ካሻሻለ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2004 በክትትል ሥር እንዲሆን ተስማምቶ እገዳው ተነሣለት።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ቅጣት ሲዘገይ ሐሰተኛው ሲጠቀም እውነተኛው መጎዳቱ ነው። ሁለተኛው፣ እገዳ ማረሚያ እንጂ መቅበሪያ አለመሆኑ ነው፤ የተስተካከለ ሊመለስ ይገባዋልና።

በአገራችን የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጥቶ፣ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ የሚቆምበት መሠረት ተጥሏል። እንግዲህ የሚቀረው ሕጉን ከግዢው ጋር በጥብቅ ማስተሳሰር ነው። ከፍ ያለ ኮንትራት የሚሰጠው ኩባንያ ለጨረታው ያቀረበው ሒሳብ ለግብርና ለባንክ ካቀረበው ጋር ይመሳከር፤ ልዩነቱን በቂ ምክንያት ሰጥቶ ማስረዳት ካልቻለም ይታገድ።

ምናልባት ባለሱቁ «በመዝገብ አያያዝ ጉድለት እኔም ልጠፋ ነውን?» ብሎ ይሠጋ ይሆናል። ሥጋቱ ተገቢ ነው። ስለዚህ ስሕተትና ማታለል ተለይተው ይታዩ፤ ምርመራውም በኮንትራቱ መጠን ይሁን። ትልቁ በዝምድና እየታለፈ ትንሹ ብቻ የሚያዝ ከሆነ ግን ደንቡ ባይወጣ ይሻላል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ነገር ግን መንግሥት እስኪጠራ ድረስ በሕዝብ ገንዘብ ሐሰትን ሊቀልብ አይገባውም።