ጠላቂ ሲፈተን፣ መምህር ሲፈተን

«ባሕር በሌለበት ኦቶና ስለ ጠላቂ ፈተና ምን አወራህ?» ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። በማስተማር ልምምድ ላይ የቦይልን ሕግ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አሳምሬ ጻፍኩ። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ኳስ ይዘን አባያ ሐይቅ ውስጥ ብንጠልቅ ኳሱ ምን ይሆናል?» አለኝ። ዝም አልኩ። ሕጉን እንጂ ነገሩን አላውቀውም ነበርና።

ጀማሪ ጠላቂን ግን የወረቀት ፈተናውን ቢያልፍም አይለቁትም፤ 200 ሜትር ይዋኛል፣ 10 ደቂቃ ይንሳፈፋል፣ የተማረውን ውሃ ውስጥ ገብቶ ያሳያል። ባሕር ውስጥ 10 ሜትር ሲጠልቁ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፤ የኳሱም አየር በግማሽ ይቀንሳል። ጠላቂው እዚያ የሳበውን አየር አፍኖ ሽቅብ ቢወጣ፣ አየሩ ሲሰፋ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። «ትንፋሽህን አትያዝ» የሚለው ሕግ ለእሱ የማርክ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው።

እኛስ? ሸምድደን አልፈን ልጆች ፊት እንቆማለን። በእኛ ስህተት የሚሰምጠው ግን ተማሪው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ እጩ መምህር ከመመረቁ በፊት የሚያስተምረውን ሕግ በእጁ ሠርቶ ያሳይ! መሣሪያ የለም አይባልም። ውሃ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የእስክሪብቶ ክዳንና ቀዳዳውን መድፈኛ ማስቲካ ይበቃል። ጠርሙሱን ከድነው ሲጨምቁት የእስክሪብቶው ክዳን ይሰምጣል፤ ሲለቁት ይንሳፈፋል። ያ ልጅ የጠየቀኝ ይህንን ነበር።