ሳንካውን አይቶ ማለፍ ይብቃን



እንደሚታወቀው ዛሬ በየቤቱ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚማር ልጅ አይጠፋም። ብዙዎቹ የሚጀምሩት «ፓይተን» በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ቋንቋውን የፈጠረው ጊዶ ቫን ሮሱም የተባለ ሆላንዳዊ ሲሆን፣ ለሕዝብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 እሱ ከመሪነቱ ሲወርድ፣ ከ2019 ጀምሮ በምርጫ የሚሰየም አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ይመራዋል። ሥራው ክፍት ነው። የፈለገ ሰው ውስጡን ያያል፣ ያለ ክፍያ ይጠቀምበታል፣ ጉድለት ካገኘም ያመለክታል።

ልጆቻችን ግን አያመለክቱም። መሣሪያው ወይም መመሪያው ሲያስቸግራቸው «እምቢ አለኝ» ብለው ያልፉታል። ለምን ሲባሉ «እሱ እኮ የፈረንጆቹ ሥራ ነው፤ እኛ ማን ነን?» ይላሉ። በዚህ አልስማማም። ምክንያቴንም በምሳሌ አቀርባለሁ፤ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ዛሬ ማታ ሊሞክረው ይችላል።

ፓይተንን «ኢዝዲጂት» በተባለው ትእዛዝ «፭ አኃዝ ነው ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁት «አዎ» ይላል። ቀጥላችሁ «እንግዲያው ወደ ቁጥር ለውጠው» ብላችሁ «ኢንት» በተባለው ብታዙት «ስሕተት ነው» ብሎ ይቆማል። ዐረቦች የሚጽፉበትን አኃዝ ግን ያለ ማንገራገር ይለውጣል። ታዲያ ይህ በደል ነው? አይደለም። የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ዐሥር ለብቻው ፲፣ ሃያ ለብቻው ፳፣ መቶም ለብቻው ፻ ነው። 12ን ፲፪ ብለን እንጽፋለን እንጂ ፩፪ አንልም። ፓይተን የሚከተለው ዩኒኮድ የተባለውን የዓለም ፊደላት መዝገብ ነው፤ የእኛም ፊደል እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ አኃዞቻችን ዛሬ በዚሁ ጠባያቸው ተመዝግበው ይገኛሉ።

እንግዲህ መሣሪያው አልተሳሳተም እንበል። ነገር ግን አንድ የሰፈራችን ልጅ የመመዝገቢያ ቅጽ ቢሠራ፣ ዕድሜ የሚሞላበትንም ቦታ በኢዝዲጂት ቢያጣራ፣ አንዲት እናት የልጃቸውን ዕድሜ ፭ ብለው ሲሞሉ ፕሮግራሙ ይወድቃል። መመሪያው ይህን ያስጠነቅቃል ወይ? ያስጠነቅቃል፤ ግን እንደ ሌሎቹ ተደርድረው የማይቆጠሩ አኃዞች መኖራቸውን ሲናገር ለብዙ ዓመታት በምሳሌነት የጠቀሰው የኻሮሽቲ ቁጥሮችን ነው። ኻሮሽቲ በጥንት ዘመን በዛሬዎቹ ፓኪስታንና አፍጋኒስታን አካባቢ ይጻፍበት የነበረ፣ ከአገልግሎት ከወጣ ከሺህ ዓመት በላይ የሆነው ፊደል ነው። የሞተው ፊደል ሲጠቀስ፣ በየቤታችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካላንደር በየቀኑ የምናነበው ቁጥር ያልተጠቀሰው ማንም ጠልቶን አይደለም። የሚያነሣው ሰው ስላልነበረ ነው። ሆላንድ ወይም አሜሪካ የተቀመጠ መሐንዲስ ፭ን በቅጽ ላይ የሚሞክርበት ምን ምክንያት አለው?

ጉድለቱን ባለሙያዎቹ «ባግ» ይሉታል፤ እኛ ሳንካ ብንለው ያስኬዳል። ሳንካን ማመልከት የውኃ መሥመር መፈንዳቱን ከማመልከት ብዙም አይለይም። «ውኃው እየፈሰሰ ነው» ብሎ ስልክ የሚዘጋ ሰው አልረዳም። በየትኛው መንገድ፣ ከማን ግቢ ፊት ለፊት፣ ከመቼ ጀምሮ የሚለው ነው ሠራተኛውን የሚያመጣው። እዚህም የፓይተኑ እትም ስንተኛ እንደሆነ፣ ምን እንደታዘዘ፣ ምን እንደተጠበቀና በምትኩ ምን እንደመጣ ይጻፋል። ሌላው ሰው በራሱ ማሽን ደግሞ እንዲያየው የሚያስችል ሦስት አራት መሥመር ከገጽ ሙሉ ምሬት ይበልጣል። ማመልከቻው እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የሚቀርበው ጊትሃብ በተባለው ቦታ ነው። ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳላቀረበው መፈለግም የአመልካቹ ግዴታ ነው። ሌባ ሊገባበት የሚችል ቀዳዳ ከሆነ ግን በአደባባይ አይለጠፍም፤ ለዚሁ ለተመደቡት ሰዎች በምሥጢር ይነገራል።

መመሪያን ማረም ደግሞ ከዚህም ይቀላል፤ እኔ እንዲያውም ከሁሉ አስበልጠዋለሁ። ኮድ የሚጽፍ ሞልቷል፤ የጻፈውን ለጀማሪ የሚያስረዳ ግን ጥቂት ነው። ጀማሪው ነው ግራ የሚያጋባውን ዓረፍተ ነገር የሚያየው። አዋቂው ለምዶታል፤ አያየውም። ስለዚህ «ገና ተማሪ ነኝ» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም።

እርግጥ ነው፣ ያመለከተ ሁሉ ወዲያው አይስተናገድም። በሺህ የሚቆጠር ማመልከቻ ተደርድሯል፤ ከሚመረምሩትም ብዙዎቹ ከሥራ ሰዓታቸው ውጪ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ናቸው። ወር መጠበቅ አለ፤ «ይህ ሳንካ አይደለም» ተብሎ መመለስም አለ። የግእዙን ቁጥር ጉዳይ በኢንት ላይ የተፈጸመ በደል አድርጎ የሚያቀርብ ልጅ እንደዚያ መመለሱ አይቀርም። መመለሱም ትክክል ነው። በመመሪያው ላይ ምሳሌ ይጨመር ብሎ ቢያቀርብ ግን ሊያከራክር የሚችል ሐሳብ ይዞ መጣ ማለት ነው።

የቀረው የእንግሊዝኛው ጉዳይ ነው። ሳንካውን የሚያገኘው ልጅ እንግሊዝኛው ሊከብደው ይችላል፤ በሰፈራችን ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲያረቅቁ የኖሩ ጡረተኞች አሉ። የወጣቶች ክፍል በሚቀጥለው ስብሰባ እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት በአጀንዳ ይያዝልኝ። ለመጀመሪያው ቀን አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ጠረጴዛ ይበቃል።