ፊርማው ትክክል ነበር፤ ፓኬጁ ግን ተመርዟል

ግማሽ ሰከንድ። ዓለምን ከትልቅ የሳይበር ጥቃት ያተረፈችው ይህች መዘግየት ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. የማይክሮሶፍት ኢንጂነሩ አንድሬስ ፍሮይንድ አንድ አስደንጋጭ ነገር ይፋ አደረገ። ከርቀት ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ኤስኤስኤች ግማሽ ሰከንድ ገደማ ሲዘገይበት ምክንያቱን መፈለግ ጀመረ። ያገኘው፣ ፋይል በሚያሳንሰው «ኤክስዜድ» ሶፍትዌር ውስጥ የተደበቀ ስውር መግቢያ ነበር።

ታዲያ እንዴት ማንም ሳያየው አለፈ? መልሱ ሊኑክስ ሶፍትዌር በሚያወርድበት መንገድ ውስጥ አለ።

ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ላይ ፕሮግራም ስንጭን ሥራውን የሚሠራው «አፕት» የተባለው ፓኬጅ ማኔጀር ነው። መጀመሪያ በዲጂታል ፊርማ የተረጋገጠ የፓኬጆች ዝርዝር ያወርዳል። ቀጥሎ የምንፈልገውን ፓኬጅና አብረውት የሚያስፈልጉትን አምጥቶ ካሽ ውስጥ ያስቀምጣል። የእያንዳንዱን ሃሽ፣ ማለትም የፋይሉን አሻራ፣ ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል። መንገድ ላይ አንዲት ፊደል ብትቀየር እንኳ አይጭንም።

ችግሩ፣ መርዙ የገባው መንገድ ላይ አልነበረም። ከምንጩ ነው።

ኤክስዜድን ለዓመታት ሲንከባከብ የኖረው በዋናነት አንድ ሰው ነው፣ ያውም ያለ ክፍያ። «ጂያ ታን» በሚል ስም የመጣ ማንነቱ ያልታወቀ አካል ከሁለት ዓመት በላይ ጠቃሚ ሥራ እየሠራ አመኔታውን አገኘ። አዲስ ስሪት የማውጣት መብትም አገኘ። መርዙን የያዙት 5.6.0 እና 5.6.1 እንዲህ ወጡ፤ ዴቢያንና ፌዶራ የሙከራ ስሪቶች ውስጥም ገቡ። ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸው የተረጋጉ ስሪቶች ጋ ሳይደርስ ነው የተያዘው።

ፊርማው ትክክል፣ ሃሹም ትክክል። አፕት ሥራውን በአግባቡ ሠርቷል። ፊርማ የሚነግረን ላኪው ማን እንደሆነ ነው፤ የላከው ነገር ንጹሕ ስለመሆኑ ግን ዋስትና አይሰጥም።

ስልካችንም ከዚህ ሩቅ አይደለም። አንድሮይድ የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው፤ አፖቹም ፊርማ አላቸው። ነገር ግን ማንም ሰው በራሱ ቁልፍ ፈርሞ አፕ መልቀቅ ይችላል። ስለዚህ በቴሌግራም የተላከላችሁ ኤፒኬ ያለችግር ስለተጫነ ብቻ አትመኑት።

ከሁሉም በላይ ግን መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው፦ ትልልቅ ኩባንያዎች በነፃ የሚጠቀሙበትን ሶፍትዌር በትርፍ ሰዓቱ ተሸክሞ የሚኖረውን ሰው ማን ያግዘው? ጂያ ታን የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ክፍተቱ ደግሞ ኤክስዜድ ላይ ብቻ አይደለም ያለው።