ክሎቤታሶል ለከንፈር ዙሪያ ጥቁር ነጥብ አይሸጥ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ከጥር እስከ መጋቢት፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍና የባሮ ውኃ ሲጎድል፣ ወጣት ሴቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፤ ከንፈር ዙሪያና አገጭ ላይ የሚወጣውን ጥቁር ነጥብ የሚያጠፋ ክሬም። የመድኃኒቱን ስም አያውቁትም። «ጓደኛዬ የተቀባችው፣ ያ ትንሹ ቱቦ» ይሉኛል። ትንሹ ቱቦ ክሎቤታሶል ነው። እኔ ብከለክላቸው ሌላ ቦታ እንደሚያገኙት ስለማውቅ ነው ዛሬ ብዕር ያነሳሁት።

ክሎቤታሶል ቆዳ ላይ ከሚቀቡ ስቴሮይዶች ሁሉ እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። የሚታዘዘው ለጠና ችፌና ለሶሪያሲስ፣ ያውም በተከታታይ ከ2 ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ ለፊት አይደለም። ጥቁር ነጥብን ፈጽሞ አያጠፋም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ፊት ጠራ፣ ቀላ ይላል፤ ጓደኛ ለጓደኛ የምትመክረውም ያኔ ነው። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል። ጥቃቅን ሽፍታዎች አፍን ከበው ይወጣሉ፤ ከከንፈር ጠርዝ ጋር የምትዋሰነው ቀጭን መስመር ብቻ ንጹህ ሆና ትቀራለች። ያቺን መስመር ሳይ፣ ልጅቷ ገና አፏን ሳትከፍት ምን ስትቀባ እንደከረመች ይገባኛል። ክሬሙን ስታቆም ፊቷ ያቃጥላታል፣ ሽፍታው ይብሳል፤ ስለዚህ ሌላ ቱቦ ትገዛለች።

ጥቁር ነጥብ ቆሻሻ አይደለም። የቆዳ ወዝና የሞተ ቆዳ ቀዳዳውን ሲደፍነው፣ ጫፉ አየር ነክቶት ይጠቁራል። በሳሙና ቢፈትጉት አይለቅም። በጥፍር ወይም በጸጉር መርፌ ሲያፈርጡት ደግሞ ይቆስላል፤ በእኛ ጥቁር ቆዳ ላይ ያ ቁስል ለወራት የማይለቅ ጠባሳ ይተዋል። ሎሚ የሚቀቡም አሉ። የሎሚ ጭማቂ ከጋምቤላ ፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን ያቃጥላል፣ ያጠቁራልም። በከንፈር ጠርዝ ላይ የሚታዩት ፈዛዛ ቢጫ ነጠብጣቦች ደግሞ በተፈጥሮ ያሉ የወዝ ዕጢዎች ናቸው፤ እነሱን አትንኳቸው።

የሚሠራው መንገድ ቀስ ያለ ነው። ፊትን በቀን ሁለቴ በለስላሳ ሳሙና መታጠብ፤ የከንፈር ቅባትን ከንፈር ላይ ብቻ ማድረግ፣ ወደ ዙሪያው አለማዳረስ፤ ጥርስ ከቦረሹ በኋላ አረፋውን ከአገጭ አጥቦ ማንሳት። ካልጠፋ 2 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ወይም ማታ ማታ የአተር ፍሬ የምታህል አዳፓሊን፣ የከንፈርን ጠርዝ ሳይነኩ። እርጉዝ የሆነች ሴት አዳፓሊን አትቀባ። ውጤቱ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፤ ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፣ ትንሹ ቱቦም የሚያሸንፈው እዚሁ ላይ ነው።

ስለዚህ ሸክሙን ልጃገረዶቹ ላይ ብቻ መጣል አልፈልግም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒትንም ኮስሞቲክስንም ቁጥጥር ሥር ያደረገው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። የክልሉ ተቆጣጣሪዎች የመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ብቻ አይዩ፤ ገበያ ውስጥ ከሽቶና ከጸጉር ቅባት ጎን የሚደረደረውንም ይዩ። የሙያ ባልደረቦቼ፣ ክሎቤታሶልን ያለ ማዘዣ አትስጡ፤ ምን እንደሆነም ለጠየቀቻችሁ ልጅ ንገሯት። አንቺም እህቴ፣ ለወራት ስትቀቢው ከቆየሽ በራስሽ ድንገት ከማቆምሽ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሂጂ፤ ቱቦውን ይዘሽ ሂጂና ለሐኪሙ አሳዪው።